«በሕይወት ያለ ካልበላ ይሞታል» ያለሽ ማነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለአንቱ ይሁን። አምድዎን የማነበው ስለ ዶሮና ስለ ፍየል ስለሚጽፉ ነው። ዛሬ ግን የመጣሁት በኤሊ ነው፤ እንዳይስቁብኝ። የባለቤቴ ወንድም ከሁለት ወር በፊት ከከሚሴ ሲመለስ ከጨፋ ረግረግ አንድ የውሃ ኤሊ በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ትልቅነቱ የሻይ ሰሃን ያህላል። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራው እሱ ብቻ ሆኗል። ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቶ፣ መሃሉ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ያኖረዋል። መጀመሪያ ከሐይቅ የሚመጣ ትናንሽ ዓሣ ሲሰጠው ይበላ ነበር። በኋላ አንድ ጎረቤታችን «ኤሊ በሕይወት ያለ ነገር ካልበላ ይሞታል» አለው። ልጁ እንቁራሪት መልቀም ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወጥመድ የያዛትን አይጥ ከነነፍሷ ሳፋው ውስጥ ለቀቀበት። አይጧ የኤሊውን የኋላ እግር ነክሳ፣ ድንጋዩ ላይ ወጥታ፣ ዘላ አመለጠች። ቤቱ በጩኸት ተደበላለቀ። ከዚያ ወዲህ ኤሊው ምንም አልቀመሰም፤ እግሩም ቀልቶ አብጧል። እውነት በሕይወት ያለ ብቻ ነው የሚበላው? ምን ብንሰጠው ይሻላል? የሦስት ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ፤ ሳፋው ውስጥ እጇን እየከተተች አስቸግራኛለች።
(የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አልሳቅሁም። አይጧ ድንጋዩ ላይ ወጥታ ዘለለች ያልሽው ጋ ስደርስ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ቡናዬን ደፍቻለሁ። በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ እያልኩ ልቀጥል።

ከእግሩ እንጀምር፤ ምግቡ ይቆያል። የአይጥ ጥርስ ቀጭን ነው። ላዩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል፤ ቆሻሻውን ግን ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ኤሊው ደግሞ ቁስሉን ይዞ የሚውለው የገዛ ኩሱ ባለበት ውሃ ውስጥ ነው። ሳምንት ሞልቶት እብጠቱ ካልጎደለ፣ እኔ ብሆን ነገ ጠዋት የእንስሳት ክሊኒክ እወስደው ነበር። እስከዚያው ከውሃው አውጡት። እግሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እጠቡት። ከፋርማሲ ቤታዲን ግዙና ቀጭን ሻይ እስኪመስል በውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት። ፋሻ አትጠምጥሙበት። ካርቶን ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፋችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ግባ በሉት፤ ያን ጊዜ ይጠጣል።

አንድ ነገር ልብ በይ። የኤሊ መግል እንደ ሰው መግል አይፈስም። እንደ አይብ የጠጠረ ነው፤ እዚያው ቆዳው ሥር ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚፈስ ነገር ሲጠብቅ ከርሞ፣ ሲያጣ «ድኗል» ብሎ ይተወዋል። አልዳነም። ሐኪም ከፍቶ ማውጣት አለበት።

አሁን ወደ አለመብላቱ። ጎረቤታችሁ ጥፋቱን በምግቡ ላይ ጣለው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ብርዱን ነው። የአይጧ ድንጋጤና የቁስሉ ሕመምም አለ፤ ግን ኤሊው ቆለኛ መሆኑን አትርሺ። ከሚሴና ጨፋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,400 ሜትር ገደማ ናቸው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አንድ ሺህ ሜትር በወጣሽ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። አንቺ ጋቢ ትደርቢያለሽ። ኤሊ ግን የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ውሃው ሲቀዘቅዝ ሆዱም አብሮ ይቀዘቅዛል። በዚያ ላይ ቢበላ፣ የበላው ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ አፉን ይዘጋል። እኔ እንዲያውም አስተዋይ ኤሊ ነው እላለሁ።

ውሃው 25 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንለት ጥሩ ነው። ለመለካት የልጆቹን የትኩሳት መለኪያ አትሞክሩ፤ እሱ የተሠራው ለሰው ነው፣ ከ35 ዲግሪ በታች ብዙውን ጊዜ አያነብም። የክፍል ሙቀት የሚለካው ዓይነት ይሻላል። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ሲገለጥ ሳፋውን ግቢ አውጡት፤ ግማሹን በጣውላ ከልሉለት። ካልከለላችሁት ቀትር ላይ ውሃው ይግልና ኤሊው ይቀቀላል። ይህን በቀልድ አይደለም የምጽፈው። ማታ ማታ ደግሞ ሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን አጥብቃችሁ፣ በካርቶኑ አንድ ጎን አስተኙለት። አምፖል የሚሰቅሉ አሉ፤ ይሠራል። ግን ውሃ፣ ሽቦና የሦስት ዓመት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሆኑ እኔ እፈራለሁ።

ፀሐዩ ለሌላም ነገር ያስፈልገዋል። አጥንቱና ቅርፊቱ ካልሲየም የሚይዙት በፀሐይ ጨረር ነው። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ያ ጨረር የለውም፤ መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ «ሳሎን ውስጥ ፀሐይ ይገባለታል» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ።

በሕይወት ያለ ካልበላ ይሞታል ወደሚለው እንምጣ። ተረት ነው። ግን ተረቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ኤሊያችሁ ሲደነግጥ አንገቱን ወደ ኋላ ስቦ ሳይሆን ወደ ጎን አጥፎ ከቅርፊቱ ጫፍ ሥር የሚሸጉጥ ከሆነ፣ የአፍሪካ ወንዞችና ኩሬዎች የሚያውቁት አዳኝ ወገን ነው። ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ያደባል። ርግብ ውሃ ልትጠጣ ስትወርድ ጎትተው የሚያስቀሩ አሉ። ይህን ያየ ሰው «ነፍስ ያለው ካልሰጠሁት» ቢል አይፈረድበትም።

ያ ግን ወንዝ ላይ ነው። ወንዝ ላይ አዳኙም ታዳኙም መሸሻ አላቸው። ሳፋ ላይ ግን ግድግዳው የሚያዳልጥ ፕላስቲክ ነው፤ አይጧ ዞር ብትል ፕላስቲክ፣ ኤሊው ዞር ቢል ፕላስቲክ። የተከበበ ነገር ይነክሳል። ስለዚህ አይጥ በሕይወቷ መቼም አይሰጠው። የሞተችም ቢሆን ከቤት የተያዘች አይጥ አትሆንም፤ ከየትኛው ጎረቤት የአይጥ መርዝ ቀምሳ እንደመጣች ማን ያውቃል? መርዙ አይጧ ሆድ ውስጥ ሆኖ ወደ ኤሊው ይሻገራል።

እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ። የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን፣ ተሁለደሬ ውስጥ፣ ከቢሮዬ ጀርባ በተቆረጠ በርሜል አንድ የውሃ ኤሊ ነበረኝ። አንድ ቀን ጣት የምታህል አምባዛ በሕይወቷ ጣልኩለት። በአንድ ጉርሻ አፈሳት። ከዚያ ቆመ። አፉ አልገጥም አለ። በፊት እግሩ ጥፍር የአፉን ጎን ይቧጥጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይቧጥጣል፤ ልክ ጥርሱ መሃል ሥጋ የተሰነቀረበት ሰው ይመስላል። ጠጋ ብዬ ሳይ የአምባዛዋ የጎን እሾህ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ የአፉ ማዕዘን ላይ ተቀርቅሯል። አምባዛ ስትያዝ ሁለቱን እሾሆቿን ዘርግታ ትቆልፋቸዋለች፤ በግድ ብትጎትቺ ሥጋ ይዘው ነው የሚወጡት። ኤሊውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። በጥፍር መቁረጫ እሾሁን ከሥሩ ቆረጥኩ፤ የቀረውን በወረንጦ ሳብኩ። አንድ ጠብታ ደም ወጣ። ለዘጠኝ ቀን አኮረፈኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ የምሰጠው እንዲህ ነው። ከሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ጣት የማታህል ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እገዛለሁ። የጀርባዋንም እሾህ በመቀስ እከረክማለሁ። አንጀቷን አውጥቼ፣ ፍሪዘር ያለው ሰው ቤት አንድ ሳምንት አስቀምጣታለሁ፤ የዓሣ ውስጥ ትላትል በዚያ ብርድ ይሞታሉ። ሲቀልጥ አጥንቱን ሳላወጣ ቆራርጬ እሰጣለሁ፤ አጥንቱ ካልሲየሙ ነው። ካርፕና በመስታወት ገንዳ የሚሸጠው ወርቃማ ዓሣ ግን የዘወትር ቀለብ አይሁኑ። ሥጋቸው ውስጥ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር አለ፤ ብርድ አያጠፋውም። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ኤሊ ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል።

«የሞተ ሲሆን አይበላም» ትይኛለሽ። ይበላል፤ ማታለል ነው የሚያስፈልገው። ቁራጩን በረጅም ወረንጦ ያዢና ውሃው ውስጥ፣ ከፊቱ ትንሽ ራቅ አድርገሽ፣ አንቀጥቅጪው። ቁም፤ አንቀጥቅጪው፤ ቁም። አንገቱ ቀስ እያለ ከጎን ይወጣል። ዓይኑ ይተክላል። ከዚያ ቀጭ! ልጅሽ ከአይጧ ትርኢት ይልቅ ይህን ይወደዋል ብዬ እወራረዳለሁ። በጣት ግን አይሞከርም፤ ጣትና ዓሣ ለእሱ አንድ ናቸው። ምግቡን ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ስጡት፤ የውሃ ኤሊ የሚውጠው በውሃ ነው።

በሕይወት ያለ ነገር መስጠት ከፈለጋችሁ ደግሞ አልከለክልም። ልጁም ኤሊውም ደስ ይላቸዋል። የእኔ ምርጫ የመሬት ትል ነው። አይነክስም፣ እሾህ የለውም፣ አይዘልም። ጉዳዩ ከየት ተቆፈረ የሚለው ነው። ከጓሯችሁ፣ ምንም ካልተረጨበት ፍግ ሥር ከሆነ ሸጋ ነው። ከጫት ማሳ ዳር ከሆነ ተዉት፤ ጫት ላይ የሚረጨውን መድኃኒት ታውቂዋለሽ። ትሉን እርጥብ ጋዜጣ ላይ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ሆዱ ውስጥ ያለውን አፈር ይጥላል። በማግስቱ አጥባችሁ ስጡ።

ፌንጣም ይሆናል። የኋላ እግሮቹን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ እንደ መጋዝ ናቸው፣ ጉሮሮ ይቧጥጣሉ። አንድ ቀን ጎመን አብሉት፤ የፌንጣው ሆድ የያዘው ጎመን ለኤሊውም ይተርፋል። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ባለ ደማቅ ቀለሙን አትንኩ። እንዲህ ያጌጠ ነፍሳት አብዛኛውን ጊዜ መርዝ አለኝ እያለ ነው። የቤት በረሮም አይሆንም፤ ፍሊት የተነፋበት ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ፣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንበጣው ወሎን ሲያለብስ፣ «የሰማይ ሲሳይ» ብዬ አንድ ጆንያ ሰብስቤ ለዶሮዎቼ በተንኩ። ለካስ ከተረጨ ቦታ የመጣ ነው። አራት ዶሮ ቀበርኩ። የከብት ሐኪም ነኝ የምል ሰውዬ! ባለቤቴ እስካሁን እንግዳ ሲመጣ ታወራዋለች።

እንቁራሪቱ ይቅር። አንደኛ ልጁ እንቁራሪትን ከጉርጥ ላይለይ ይችላል፤ ጉርጥ ቆዳው ላይ መርዝ አለው፣ ኤሊውን ሊገድለው ይችላል። ሁለተኛ ትላትል ይዞ ይመጣል። ሦስተኛውና እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የኤሊው ነገር አይደለም። ልጁ እንቁራሪቱን የሚለቅመው የት ገብቶ ነው? በሐይቅ ከተማና በከሚሴ በኩል ቢልሃርዚያ ያለባቸው ውሃዎች አሉ። በሽታው የሚወጣው ከትንንሽ የውሃ ቀንድ አውጣ ነው፤ ውሃው ውስጥ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ስለዚህ ለኤሊው ምግብ ተብሎ ወንዝና ኩሬ ውስጥ መግባት የለም። ቀንድ አውጣ መልቀምም የለም። ከኩሬ የተቀዳ ውሃም ሳፋው ውስጥ አይግባ፤ ከአልቅት ጀምሮ ብዙ ጉድ ይዞ ይመጣል። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ክፍቱን አሳድራችሁ ተጠቀሙ።

መጠኑን በአጭሩ። አንድ ጉርሻ ከራሱ ጭንቅላት አይብለጥ። የአንድ ቀን ምግቡም በድምሩ የጭንቅላቱን ያህል ከሆነ በቂ ነው። ያደገ ኤሊ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ይበቃዋል። ሲለምን አይታችሁ አትሸነፉ፤ ኤሊ ሁልጊዜ ይለምናል። ያልተበላውን በግማሽ ሰዓት ውስጥ አውጡ። ከተቻለ ለምግቡ ሌላ ትንሽ ሳፋ ይኑረው፤ እዚያ በልቶ ወደ ቤቱ ይመለስ፤ ውሃው ቶሎ አይሸትም። በሕይወት ያለ ነገር ሲሰጠው ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ፤ ያልተበላ ነፍሳት ከእሱ ጋር አይደር።

ስለ ትንሿ ልጅሽ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ጤነኛ የሚመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ተሸክሞ ሊኖር ይችላል። ውሃው ውስጥም ይኖራል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1975 ከ4 ኢንች፣ ማለት ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊ ለቤት እንዳይሸጥ የከለከሉት ልጆች አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ስለታመሙ ነው። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ኤሊውንም ውሃውንም ባይነኩ ይመረጣል። ሳፋው ከፍ ካለ ቦታ፣ ወይም በር ካለው ክፍል ይቀመጥ። ውሃው ሽንት ቤት ይደፋ እንጂ ዕቃ ማጠቢያ ውስጥ አይደፋ። ልጁ በነካ ቁጥር በሳሙና ይታጠብ። ያ ሰማያዊ ሳፋ ደግሞ ከአሁን በኋላ የኤሊው ነው። ለበዓል ሽንኩርት ማጠቢያ ጠፋ ተብሎ እንዳይመለስ፤ እናቶችን አውቃለሁ።

አንድ የሚያስቀይም ነገር ልጨምር። የአገራችን ሕግ የዱር እንስሳን ለመያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። የባለቤትሽ ወንድም በክፋት እንዳላደረገው አውቃለሁ፤ ለልጁ ስጦታ ነው። እግሩ ሲድን ግን ወደ አካባቢያችሁ የዱር እንስሳት ባለሙያ ሂዱና አማክሩ። ዝም ብላችሁ ቦርከና ወንዝ ላይ አትጣሉት፤ ከቤት የተሸከመውን በሽታ ለዘመዶቹ ሊያደርስ ይችላል። የት እንደተያዘ የሚያውቀው የልጁ አጎት ነው፤ ቦታውን በትክክል አስነግሩት፣ ጻፉት። ልጅሽ ያለቅሳል። አብሮ ከሄደና ወደ ጨፋ ሲገባ በዓይኑ ካየ ግን ለቅሶው የሚቀለው ይመስለኛል።

እስከዚያው በየሳምንቱ ቅዳሜ በሰፈራችሁ ባለሱቅ ሚዛን መዝኑት፤ በላስቲክ ሆኖ። ልጁ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ውሃው ሞቆ፣ እግሩ ታክሞ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አሁንም አልበላ ካለና ክብደቱ ከቀነሰ፣ ወይም በአፍንጫው አረፋ ካወጣና ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ከዋኘ፣ ሳንባው ተነክቷልና ደብዳቤዬን አትጠብቂ፤ ሐኪም ዘንድ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ግቢዬ ውስጥ አንድ ትልቅ ኤሊ አለ። ውሃ አይወድም፤ ሣር ሥር ነው የሚውለው። ጉልበት እንዲያገኝ ብዬ የመሬት ትልና አልፎ አልፎ ጥሬ ሥጋ እሰጠዋለሁ። ሥጋውን ይወዳል። ቅርፊቱ ግን እንደ ተራራ ጉብ ጉብ እያለ ነው። ምን ሆኖ ነው?
(ከወልድያ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአንተ ኤሊ ሌላ ወገን ነው። እግሩን እየው፤ እንደ ዝሆን እግር ድብልብል ነው፣ በጣቶቹ መካከል የመዋኛ ቆዳ የለውም። የየብስ ኤሊ ሣር በሊታ ነው። ይወዳል ያልከው እውነት ነው፤ ፍየሌም ስኳር ትወዳለች። ግን ኩላሊቱ ለሥጋ አልተሠራም። የቅርፊቱ ጉብታም ከአመጋገቡ ጋር ይያያዛል፤ የወጣው ጉብታ አይመለስም፣ አዲሱ ግን ደልዳላ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ትሉንም ሥጋውንም ከዛሬ ጀምሮ አቁም። ሣር፣ ድርቆሽ፣ የዱር ቅጠላ ቅጠል ይብላ። የሚጠጣበት ጥልቀት የሌለው ሰሃን ይኑረው። በእናንተ በኩል የበለስ ቁልቋል አይጠፋም፤ ቅጠሉን እሾሁን በእሳት ለብለብ አድርገህ፣ ጠርገህ፣ ቆራርጠህ ስጠው። እጅህን በጨርቅ ጠቅልል፤ እኔ ሳልጠቀልል ሞክሬ ሁለት ቀን ወረንጦ ይዤ ከረምኩ።